ማስተካከያ፦ ግርሻ እንዴት ይተላለፋል?

ቀደም ሲል ስለ ግርሻ (እየተመላለሰ የሚያገረሽ የትኩሳት በሽታ) በወጣው ጽሑፍ «በሽታው ቅማል ሲነክስ ይተላለፋል» የተባለው ይታረም። ቦሬሊያ ሪከረንቲስ የተባለው ባክቴሪያ ያለው በልብስ ቅማል የሰውነት ፈሳሽ ውስጥ እንጂ በምራቁ አይደለም። ሰው በዋናነት የሚያዘው ቅማሉን በጥፍሩ ሲጨፈልቅና ፈሳሹ በታከከ ቆዳ ወይም በታሸ ዓይን ሲገባ ነው። ስለዚህ ቅማል በጥፍር መግደል፣ የተለመደ ቢሆንም፣ እጅግ አደገኛ ነው። ልብሱን፣ በተለይ ቅጫም የሚደበቅበትን ስፌት፣ ቢያንስ በ60 ዲግሪ ሙቅ ውኃ ማጠብ ነው የሚበጀው።

«ትኩሳቱ ከለቀቀ ድኗል» የሚለውም ስህተት ነው፤ ካልታከመ ከሳምንት ገደማ በኋላ ያገረሻል። ከወባ የሚለየው በደም ምርመራ ነው። አንቲባዮቲክ በተወሰደ በሰዓታት ውስጥ ብርቱ ማንቀጥቀጥና የደም ግፊት መውረድ ሊከተል ስለሚችል፣ የመጀመሪያው መድኃኒት ጤና ተቋም ውስጥ በክትትል ይሰጥ።