ሰው ሳይወጣ ቤንዚን ለቀዳችሁ

የጎንደር ሰዎች፣ አዘዞ መንገድ ላይ የሆነውን ረስታችሁት ይሆናል። እኔ አልረሳሁትም፤ ይቅርም አልልም።

ሚኒባሱ ሰው ሊያወርድ ጥግ ይዞ ቆሟል። ከኋላ አንድ አይሱዙ እየከነፈ መጥቶ ገጨው። የኋላ በሩ ተጨራምቶ እስከ መጨረሻው ወንበር ገባ። ሰልባቲዮው ተቀደደ። ቤንዚኑ አስፋልቱን ይዞ ወደ ቦዩ መውረድ ጀመረ። ውስጥ ሰው አለ። አንዲት እናት እግራቸው በወንበሩ ተይዞ "ልጆቼ፣ አውጡኝ!" ይላሉ።

እናንተስ? ሮጣችሁ መጣችሁ። ግን ሃይላንድና ጀሪካን ይዛችሁ! ተንበርክካችሁ ቀዳችሁ። አንዱማ ሲጋራውን እንደያዘ ነው ያጎነበሰው። ሌላው ስልኩን ደግኖ ይቀርጻል። እናትዮዋን ጎትተው ያወጧቸው ሁለት ሊስትሮዎች ናቸው፤ ገና ልጆች።

እሳት አልተነሳም። "እግዜር አተረፈን" ተባለ፤ በቃ፣ ነገሩ እዚያው ቀረ።

ሰልባቲዮውን ያየው መካኒክ የነገረኝ ደግሞ ይብሳል። ድሮም ያፈስ ነበር። በልብስ ሳሙና ደፍነውት ነው ሲሠራ የከረመው። ከኋላ ወንበር ሥር ደግሞ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ሙሉ ቤንዚን። ከጥቁር ገበያ የተገዛ መጠባበቂያ።

መኪና ሲሠራ እኮ እንዲህ ላለው ቀን ታስቦ ይፈተናል። የአሜሪካኖቹ ደንብ ቁጥር 301 ይባላል። 1,368 ኪሎ የሚመዝን ተሽከርካሪ ግድግዳ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር መጥቶ የቆመውን መኪና ከኋላ ይገጨዋል፤ የጀርባውን 70 በመቶ ብቻ፣ ወደ አንድ ወገን አድርጎ። መኪናው ተገፍቶ እስኪቆም ከ28 ግራም በላይ ካፈሰሰ ወደቀ። 28 ግራም አንድ ስኒ አይሞላም። ቀጥሎ በጎኑና በጣሪያው እያገላበጡ ያዩታል። ሰልባቲዮው ውስጥ የሚሞሉት እንኳ ቤንዚን አይደለም፤ እንደ ቤንዚን ቶሎ የማይቀጣጠል ፈሳሽ ነው። እነሱ ሰው በሌለበት መኪና ቤንዚን ይፈራሉ። እኛ ሰው ጭነን አንፈራም።

ሳሙናውን ማን ፈተነው? ጀሪካኑንስ? ያውም የምናስቀምጠው ግጭቱ በሚያርፍበት ቦታ ነው። የቤንዚን ተን ከአየር ይከብዳል። መሬት ለመሬት ይሄድና ራቅ ብሎ የተጫረ ክብሪት ጋ ይደርሳል።

አውቃለሁ፣ ሹፌሩ ማደያ ተሰልፎ አድሮ ባዶ እጁን ይመለሳል። ሰልባቲዮ ማስቀየርም ቀላል ገንዘብ አይደለም። ያሳዝነኛል። ግን ከኋላ ወንበር የሚቀመጠው የማን ልጅ ነው? የእኛው አይደለም እንዴ?

ሰሞኑን መናኸሪያ ላይ አንዲት ሴትዮ ቤንዚን ሸተታቸውና "ጀሪካኑን ካላወረዳችሁ አልሄድም" ብለው ወረዱ። ረዳቱ ተሳደበ። ሦስት ሰዎች ተከትለዋቸው ወረዱ። ሹፌሩ እያጉረመረመ ጀሪካኑን አወጣው።

መናገሩ ደክሞኛል፤ ቢሆንም እለምናችኋለሁ። ቤንዚን ሲሸታችሁ መስኮት ከፍታችሁ ዝም አትበሉ። "ምንድን ነው የሚሸተው?" ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ካጣችሁ ውረዱ።