አሥር ቲኬት

ማክሰኞ ማታ ከሥራ ገብቼ ሽሮዬ ፊት ተቀምጫለሁ። ልጄ አንድ ቀጭን ጥራዝ ከትሪው ጎን ወሸቅ አድርጎ ወደ ክፍሉ ሊሾልክ ሲል «ምንድነው?» አልኩት።

«የሎተሪ ቲኬት ነው፤ የትምህርት ቤት። አሥር ነው። ካልሸጥን እኛ ነን የምንገዛው።»

«እኛ» ያላትን ልብ በሉልኝ። ጫማ ሲገዛለት «የእኔ» ነው፤ ዕዳ ሲመጣ «እኛ» ነን።

ልጁ የሚማረው ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም በማይርቅ የካቶሊክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ስሙን አልጠራም፤ ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል። እኛ ኦርቶዶክስ ነን። «ታዲያ ምን ወሰደው?» ለሚለኝ መልሴ አንድ ነው፤ ሥነ ሥርዓት። ሜሪላንድ ውስጥ ያለ ሐበሻ ወላጅ ይቺን ቃል ከሰማ ዋጋ አይጠይቅም። በዐቢይ ጾም አንድ አርብ ልጁ «ዛሬ ትምህርት ቤት ጾም ነበር» ብሎ ሲመጣ ባለቤቴ ደስታዋን አልቻለችውም። «ምን በላችሁ ታዲያ?» ስትለው «ቺዝ ፒዛ» አላት። አይብ! በሁዳዴ! የእነሱ አርብ ሥጋ መተው ነው፣ የእኛ 55 ቀን ወተትም አይታይበትም ብዬ ላስረዳ ብሞክር ማን ሊሰማኝ። ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። ያስገባሁት እኔ ነኛ።

ወደ ቲኬቱ ልመለስ። አንዱ አሥር ዶላር ነው። ለማን ልሽጥ? የማውቀው ሐበሻ ሁሉ ልጅ አለው፤ ልጁም የራሱ ጥራዝ አለው። የልጄ ክፍል ጓደኛ አባት ጠበቃ ነው፤ ጥራዙን ቢሮው ጠረጴዛ ላይ ጣል ያደርገዋል፣ ምሳ ሳይደርስ አልቆ ያገኘዋል። እኔ ኡበር ነው የምነዳው። ከኤርፖርት የጫንኩትን ሰው በመስታወት እያየሁ «ጌታዬ፣ ሎተሪ ይቆርጣሉ?» ብለው ኮከቤ ስንት ሊሆን ነው? ሽፋኑ ላይ ደግሞ «ሁላችንም አንድ ቤተሰብ ነን» ይላል። በቤተሰብ ወግ ማ ለማን ነው የሚሸጠው? የዓመቱን ክፍያ ሳላጓድል ከከፈልኩ በኋላ ለምንድነው ሎተሪ አዟሪ የምሆነው? ይሄን ጥያቄ በወላጆች ስብሰባ ላይ ለማንሳት ተዘጋጅቼ ሄጄ ነበር። ዶናት ሰጡኝ፤ አፌ ሞልቶ ቀረ።

አባቴ የሚወዳት ተረት ነበረች፤ እኔም ወርሻታለሁ፦ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። ድንቅ ናት። ተረቷ ያልነገረችን፣ ሃምሳው ሰው የየራሱን ሃምሳ ሎሚ ተሸክሞ ሲመጣ ምን እንደሚሆን ነው።

ሎሚ ካልኩ ግን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በ1983 ዓ.ም. ጥምቀት ጃንሜዳ ላይ ነኝ። ስሙኒ አውጥቼ አንዲት ቢጫ ሎሚ ገዝቻለሁ። ልጅቷን ከጠዋት ጀምሮ ዓይኔ ውስጥ አስገብቻታለሁ፤ ነጠላዋ ጥበቡ አረንጓዴ ነው። ሎሚዋን በእጄ እያገላበጥኩ ድፍረት ስጠብቅ፣ አብሮ አደጌ «እስቲ ላሽትታት» ብሎ ተቀበለኝ። አሸተታት። ወረወራት። ደረቷ ላይ አረፈች። ልጅቷ ዞር ብላ ሳቀች፤ ለእሱ። ዛሬ ሦስት ልጆች አሏቸው። ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የሚኖሩት። የመጨረሻው ልጃቸው ከልጄ ጋር ነው የሚማረው። የሎሚዋን ስሙኒ እስከዛሬ አልከፈለኝም።

ባለፈው አርብ ከዚሁ ሰውዬ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠን ልጆቻችን ዲማታ ከሚባል ሌላ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ጋር ቅርጫት ኳስ ሲጫወቱ እያየን ነበር። ሲጫወቱ ስል ተቀያሪ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ማለቴ ነው። አዲስ አበባ ላለችው እናቴ በስልክ «ልጁ ከዲማታ ጋር ግጥሚያ አለው» ስላት «ምነው ልጄ፣ ከማታ ተማሪዎች ጋር አጋጠሟቸው? እነዚያ እኮ የልጆች አባት ናቸው» አለችኝ። የዲማታን ልጆች ቁመት ያየ እናቴ ተሳስታለች አይልም።

ማታው ግን ሌላ ነው። ትምህርት ቤቱ የተሰየመበት ዮሐንስ ዘማታ የሚባል ፈረንሳዊ ቅዱስ አለ። እ.ኤ.አ. በ1198 የሮማው ጳጳስ ያጸደቁለት የሥላሴ ማኅበር ሥራው ምርኮኛ መቤዠት ነበር፤ ከገቢያቸው ሲሶውን ለቤዛ ያስቀምጡ ነበር። የዚሁ ማኅበር ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1946 ከዋሽንግተን አፍንጫ ሥር፣ ሐያትስቪል ላይ ይህን የወንዶች ትምህርት ቤት ከፈቱ። ሲሶ ለቤዛ! ከእኔም ገቢ ሲሶው ወደ ትምህርት ቤት ነው የሚሄደው፤ የሚቤዠኝ ግን አላየሁም።

አጠገባችን የነበሩ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ወሬ የጀመሩት የልጆቹን ቁመት ሳደንቅ ሰምተው ነው። «ቁመትማ ያኔ ነበር» አሉ። እ.ኤ.አ. በ1965 የኒውዮርኩ ፓወር ሜሞሪያል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቡድን 71 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ መጣ። መሐላቸው ያለው ቆጥ የሚያክል ልጅ ኋላ ከሪም አብዱልጀባር የተባለው የቅርጫት ኳስ ኮከብ ነው። የዲማታው አሠልጣኝ ሞርጋን ዉተን፣ የታሪክ መምህርም ነበሩ፣ ምን ዘየዱ? በልምምድ ላይ አንዱን ልጅ የቴኒስ ራኬት ሽቅብ አስይዘው አቆሙት፤ ሌሎቹ ከራኬቱ በላይ መወርወር እስኪለምዱ ድረስ። ዲማታ 46 ለ43 አሸነፈ። ዉተን እ.ኤ.አ. በ2002 ጡረታ ሲወጡ 1,274 ጨዋታ አሸንፈው ነበር፤ የተሸነፉት 192 ብቻ። «እኔም አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ» አሉ ሽማግሌው። ያን ቀን የገባው ሰው ወደ 12,500 ነው፤ ነበርኩ የሚለው ግን የኛን የ1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ ስታዲየም ገብቼ አይቻለሁ ከሚለው የአዲስ አበባ ሽማግሌ አያንስም። እኔም ከሃያ ዓመት በኋላ ዛሬ ማታ ነበርኩ እላለሁ። በ31 ነጥብ መሸነፋችንን አላነሳም።

እረፍት ላይ አብሮ አደጌ ኪሱ ገባ። ጥራዝ አወጣ። እኔም አወጣሁ። ተያየን። ሦስት ገዛሁት፣ ሦስት ገዛኝ። ሠላሳ ዶላር ሰጠሁት፣ ያንኑ ሠላሳ ዶላር መለሰልኝ። «ስሙኒዋስ?» አልኩት። «የምን ስሙኒ?» አለኝ፤ ከልቡ ረስቶታል።

ሽማግሌው፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ሁለት ወሰዱ። አራቱን ባለቤቴ ለቤተ ክርስቲያን ጓደኞቿ ልትሸጥ ወሰደች፤ አልተሸጠም፣ ዝምታዋ ያስታውቃል። የቀረችውን አንዷን በእናቴ ስም ቆርጬ ደወልኩላት።

«ቁጥሩ ሰባት አለበት?» አለችኝ።

«ለምን?»

«የሥላሴ ሰዎች ናቸው አላልከኝም?»

የልጁ ትምህርት ቤት የእነሱ እንዳልሆነ ላስረዳት ካርዱ አይበቃም። መነጽሬን አድርጌ ቁጥሩን ማንበብ ጀመርኩ።