ጎጆ ወጣን

ወዳጄ በ41 ዓመቱ ጎጆ ወጣ። እልል በሉለት! ሽማግሌ አልተላከም፣ ጥሎሽ አልተቆጠረም፣ ሙሽሪትም የለችም። ጎጆው የተወጣው ለአንድ ሌሊት ነው። 6,000 ብር፣ ቁርስን ጨምሮ።

ሰውዬው እንደኔው የላስታ ልጅ ነው። አዲስ አበባ ከከረመ ወዲህ ግን ተራ ሆቴል አይወድለትም። ነጭ አንሶላ፣ ሙቅ ውሃ፣ የሚዘጋ በር፣ ይኼ ሁሉ ለስብሰባ ለሚሄድ ሰው ነው ይላል። ሰው ማደር ያለበት ሲያወሩት ጆሮ የሚያቆም ቦታ ነው። እንዴት ያለ የተባረከ ሐሳብ! ባለፈው ላሊበላ አካባቢ እንዲህ ያለ ጎጆ አገኘና እኔንም ከደሴ ጎትቶ ወሰደኝ።

በሩ ላይ ስንደርስ ወግ አማረው። «ቤቶች! የመሸበት እንግዳ አሳድሩ!» ብሎ ተጣራ። በልጅነታችን ለዚህ ጥሪ መልሱ «ቤት የእግዜር ነው፣ ግቡ» ነበር። የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ «ቡኪንግ አላችሁ?» አለችን። ወዳጄ ግን አልተበገረም። ገባና «ቤት ለእንቦሳ!» አለ። ልጅቷ ፈገግ አለችና መታወቂያ ጠየቀችን።

ጎጆዋ ሸጋ ናት፣ አልዋሽም። የላስታ ቤት ድሮም በድንጋይ የተካበ፣ ክብ፣ ሣር ክዳን፣ ባለ ሁለት ደርብ ነው። ከታች ከብት፣ ከላይ ሰው። ሎጁም ወጉን አላፈረሰም። ከታች ሻንጣ፣ ከላይ እኛ። መደቡ ላይ ፍራሽ አለ። ፍራሹ ላይ ጀንዲ፣ ጀንዲው ላይ ደግሞ «እባክዎ አይቀመጡበት» የሚል ወረቀት። ግድግዳው ላይ ኩራዝ ተሰቅሏል፣ ውስጡ አምፖል አለ። ወዳጄ ኩራዙን አቅፎ ፎቶ ተነሣ። ስምንተኛ ክፍል ሳለን በኩራዝ ሲያጠና እንቅልፍ ጥሎት ግንባሩ ላይ ያለው ፀጉር ተለብልቦ ሳምንት ሙሉ ኮፍያ አድርጎ የዋለ ልጅ ነው። ይቅርታ ማወቅ ይሉሃል ይኼ ነው።

ሲመሽ ዘበኛው መጣና ጥግ ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠል አጨሰልን። ይኼም ከሂሳቡ ውስጥ ነው። ወዳጄ ዓይኑ እያነባ ጭሱን ወደ ውስጥ ሳበው። «ይሸትሃል? ሕይወት ማለት ይኼ ነው!» አለኝ። ለምርቃቱ ጊዜ እናቱ ሲመጡ፣ ነጠላቸው ጭስ ጭስ ይላል ብሎ ከጓደኞቹ ወላጆች ሦስት ረድፍ ራቅ አድርጎ አስቀምጧቸው ነበር። እንግዲህ ያኔ ጭሱ ደረሰኝ አልነበረውም።

ቀጥሎ «ባህላዊ የእግር እጥበት» መጣ። 300 ብር። በገና ሰሞን፣ ታኅሣሥ 29ን ላሊበላ ለማክበር ቀናት በእግሩ ተጉዞ የሚመጣን ምእመን የአገሬው ሰው እግሩን አጥቦ ይቀበለዋል። ያለ ሂሳብ። የዚያ እግር የተሰነጠቀ ነው፣ አቧራ የጠጣ። የወዳጄ እግር በአውሮፕላን መጥቶ፣ ከኤርፖርት በመኪና ወጥቶ፣ ከካልሲ ነው የወጣው። ቢሆንም ታጠበ። ቪዲዮው ላይ በጣም የደከመ ይመስላል።

ደግሞ እኛ ብቻ አይደለንም። ስዊድን ውስጥ ዩካስያርቪ በምትባል መንደር፣ እንደ ፈረንጆቹ ከ1989 ወዲህ በየክረምቱ ከወንዝ በተቆረጠ በረዶ ሆቴል ይሠራሉ። እንግዳው ከዜሮ በታች በሆነ ብርድ በአጋዘን ቆዳ ላይ ተኝቶ ያድራል። ፀደይ ሲመጣ ሆቴሉ ቀልጦ ወደ ወንዙ ይመለሳል። ላትቪያ ደግሞ የቀድሞው የካሮስታ እስር ቤት አለላችሁ። ከፍለህ ትታሰራለህ፣ ዘበኛ ይጮህብሃል። ከሁሉም የማረከኝ የስዊዘርላንዱ ነው። በ2022 ሁለት አርቲስት ወንድማማቾች ሳይዮን በምትባል ከተማ፣ ነዳጅ ማደያ አጠገብ፣ ግድግዳም ጣራም የሌለው አልጋ ዘረጉ። ዋጋው 325 ፍራንክ ነበር። ዓላማው ሰውዬው እንቅልፍ አጥቶ ስለ ዓለም ችግር እንዲያስብ ነበር። ኮምቦልቻ ላይ ማደያ አጠገብ፣ ከተሳቢ ሥር ካርቶን አንጥፈው የሚያድሩ የከባድ መኪና ረዳቶች ይኼን ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን? ስንት ዓመት ሙሉ አርቲስት ሆነው አድረዋል፣ የነገራቸው የለም።

በነገራችን ላይ ጎጆ ሠርቶ የሚያከራየውን ወገኔን የምነካው ነገር የለኝም። መቄት ላይ፣ ገደሉ አፋፍ፣ ገበሬዎቹ ራሳቸው በማኅበር የሚያስተዳድሩት የእንግዳ ጎጆ ከተጀመረ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሻንጣውን አህያ ይሸከማል፣ ገቢው ለመንደሩ ነው። ከወረርሽኙና ከጦርነቱ ወዲህ እንግዳ የናፈቀው አገር ነው። የመጣ ይምጣ፣ ይክፈል።

የኔ አድናቆት ለወዳጄ ነው። ከሎጁ የግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ የገዛ አክስቱ ጎጆ አለ። ክብ፣ ሣር ክዳን፣ ጀንዲ፣ ኩራዝ፣ ጭስ፣ ሁሉም የተሟላ ነው። ማታውኑ «ለምን እዚያ አናድርም?» ብዬው ነበር። «ቁንጫ አለ» አለኝ። «ደግሞ መብራት የላቸውም፣ ኔትወርክም አይገባም።» አልጋው ላይ ያለው ወረቀት «ከመብራትና ከኔትወርክ የራቀ ሰላማዊ ሌሊት» ይላል።

ጠዋት እሱ ለቁርስ ገንፎ ፎቶ ሲያነሣ እኔ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ቤቱ በእበት ተለቅልቋል፣ ገና አልደረቀም። መደቡ ላይ ባና ተነጥፏል፤ ከሣጥን እንደወጣ እጥፋቱ ላይ ያስታውቃል።

«ሰው ቤት አደረ አሉኝ» አሉ። «ቤት የለውም?»

«መሽቶብን ነው እትዬ።»

«ለመሆኑ አስከፈሉት?»

«200 ብር» ብዬ ዋሸሁ።

አማተቡ። «200 ብር! ለጎጆ!» ጥቂት ዝም አሉና ወደ ጥጉ አመለከቱኝ። ካስማው ላይ ገመድ ብቻ ቀርቷል። «እኔ እኮ እንቦሳዋ ሌሊት እየጮኸች እንዳትቀሰቅሰው ብዬ ጎረቤት አሳስሬያት ነበር።»

ወጥቼ ደወልኩለትና ነገርኩት። ለአፍታ ጸጥ አለ። ደስ አለኝ፣ ልቡ ተነካ ብዬ።

«እንቦሳ አላቸው እንዴ?» አለኝ። «እስኪ መልሰው ያስገቧትና ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ።»