ስደት ብቻውን ሪቫይቫል (መንፈሳዊ መነቃቃት) አያመጣም

በጸሎት ፕሮግራሞች ላይ ተደጋግሞ የሚሰማ አባባል አለ፤ «ስደት ቢመጣ ኖሮ ይህች ቤተ ክርስቲያን ትነቃ ነበር»። ስደት የሚሉት ለእምነት ሲባል የሚደርስን መከራ ነው። ተናጋሪዎቹ ቅን ሰዎች ናቸው። እኔን ግን አይዋጥልኝም። እምነቴን አልክድም ብሎ ለታሰረ ወንድም ይህን ፊት ለፊት የሚናገር ሰው ያለ አይመስለኝም።

አባባሉ ብዙ ጊዜ የሚደገፈው የጥንቱ ክርስቲያን ጸሐፊ ተርቱሊያን «የክርስቲያኖች ደም ዘር ነው» ብሎ በጻፈው ቃል ነው። ተርቱሊያን በዛሬዋ ቱኒዝያ የምትገኘው የካርቴጅ ሰው ነበር። ዘሩ በቅሏል፤ ያ ምድር እነ አውግስጢኖስን አፍርቷል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ303 የጀመረው የሮማው ንጉሠ ነገሥት የዲዮቅልጥያኖስ ስደት ሲያበቃ ጠብ ተከተለ። ቅዱሳት መጻሕፍትን ለወታደሮች አሳልፈው የሰጡት እንዴት ይታዩ? በዚህ ጥያቄ የሰሜን አፍሪካ ቤተ ክርስቲያን ለሁለት ተሰነጠቀች፤ ክፍፍሉም ከመቶ ዓመት በላይ ቆየ። ከምዕተ ዓመታት በኋላ ደግሞ የካርቴጅ ቤተ ክርስቲያን ጨርሳ ከሰመች። ጥቅሱን የምንወድ ሰዎች ይህን ክፍል እንዘለዋለን።

የሄርንሁት መንደር ታሪክም ያው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1722 ጀምሮ ከሞራቪያ (ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ) የተሰደዱ አማኞች በጀርመን ሳክሶኒ ውስጥ በመስፍኑ በካውንት ዚንዘንዶርፍ መሬት ላይ ሰፈሩ። ለእምነታቸው ሲሉ ቤት ንብረታቸውን ጥለው የወጡ ናቸው። እዚያ ደርሰው ምን አደረጉ? ተጣሉ፤ ያውም ክፉኛ። ዚንዘንዶርፍ ቤት ለቤት እየዞረ ሲያስታርቃቸው ከረመ። በነሐሴ 1727 በአንድ የጌታ እራት ላይ እያለቀሱ ይቅር ተባባሉ። በዚያው ወር 24 ወንዶችና 24 ሴቶች ሰዓት ተከፋፍለው ሌት ተቀን መጸለይ ጀመሩ። ያ የጸሎት ሰንሰለት ከመቶ ዓመት በላይ ሳይቋረጥ ቀጠለ፤ በ1732ም የመጀመሪያዎቹ ሚስዮናውያን ከዚያች መንደር ወጡ። ስደቱ በአንድ ቦታ ሰበሰባቸው እንጂ አላነቃቸውም። የነቁት በእርቅና በጸሎት ነው።

በስደት ውስጥ ያደገ ቤተ ክርስቲያን የለም ማለቴ አይደለም። ወላይታ አለ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1937፣ የውጭ አገር ሚስዮናውያኑ ሲወጡ የተጠመቁት ጥቂት ደርዘን ብቻ ነበሩ። መሪዎቹ ታሰሩ፣ ተገረፉ። ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ ግን ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ አማኞች ጠበቋቸው። ግርፋት ግን ወንጌል አይሰብክም፤ የሰበኩት ተገራፊዎቹ ናቸው።

እንግዲህ እንዴት እንጸልይ? በየዓመቱ በኖቬምበር ለተሰደዱ ክርስቲያኖች የሚጸለይበት ዓለም አቀፍ ቀን አለ። ጥሩ ነው። በአብዛኛው ግን ጸሎታችን «ጌታ ሆይ አስባቸው» ከሚለው አያልፍም። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 4 ላይ ጴጥሮስና ዮሐንስ ዛቻ ሰምተው ሲመለሱ ጉባኤው የለመነው ቃሉን በድፍረት መናገርን ነው። ምዕራፍ 12 ላይ ግን ጴጥሮስ ሲታሰር አጥብቀው ስለ እሱ ጸለዩ። ተፈትቶ በሩን ሲያንኳኳ ደግሞ ወሬውን ያመጣችውን ልጅ «አብደሻል» አሏት! እዚያው ምዕራፍ ላይ ያዕቆብ በሰይፍ ተገድሏል። አንዱ ተፈታ፣ አንዱ ሞተ፤ ጉባኤው ግን መጸለዩን አልተወም።

ጳውሎስም ታስሮ ሳለ የኤፌሶንን ሰዎች «በድፍረት እንድናገር ጸልዩልኝ» ይላቸዋል። ለፊልሞና ሲጽፍ ደግሞ በጸሎታችሁ እንደምፈታላችሁ ተስፋ አለኝና ማደሪያ አዘጋጅልኝ ይለዋል። ስለዚህ ለታሰሩት ስንጸልይ መፈታታቸውንም ድፍረታቸውንም እንለምን። ውጭ የቀሩትን ሚስቶችና ልጆች በጸሎት ርዕሳችን ውስጥ እናስገባ። አሳሪዎቹንም ጭምር፤ ይኸው ጳውሎስ፣ የጠርሴሱ ሳውል በነበረበት ጊዜ፣ ራሱ አሳሪ ነበርና።