«ከአካባቢው ገጽታ ጋር አይሄድም»

ካውንስሉ (የአካባቢያችን አስተዳደር) ቤታችንን ለማስፋት የጠየቅነውን ፈቃድ ከለከለን። ምክንያቱ? «ከአካባቢው ገጽታ ጋር አይሄድም።» በቃ! የትኛው ገጽታ? ከእኛ ትንሽ አለፍ ብሎ ያለው ጎረቤት በጓሮው የገነባው ከእኛ ዕቅድ ይበልጣል። ያውም በፈቃድ! ይህን ስናነሳ «እያንዳንዱ ማመልከቻ ለብቻው ነው የሚታየው» አሉን። ታዲያ ገጽታው ትዝ የሚላቸው ለመከልከል ሲሆን ነው?

ከሁሉ የሚያበግነኝ ግን ዝምታቸው ነው። «ቁመቱን ብንቀንሰውስ?» ብለን ኢሜይል ጻፍን። ጭጭ። መልስ ቢሰጡን እኮ ዕቅዱን አስተካክለን በሰላም እንጨርስ ነበር።

እዚህ እንግሊዝ አገር እንዲህ ያለ ማመልከቻ በ8 ሳምንት ውሳኔ ማግኘት አለበት። እነሱ ጊዜ ጨምሩልን አሉ፤ ጨመርን። ለእኛ ይግባኝ ግን ከውሳኔው ቀን ጀምሮ 12 ሳምንት ብቻ ነው ያለው። ማስገባቱ በነጻ ነው፤ እውነት ነው። አርክቴክቱ ግን በነጻ አይሠራም!

ደግነቱ ይግባኙን የሚወስነው ከካውንስሉ ውጭ የሆነ የመንግሥት ኢንስፔክተር ነው እንጂ ካውንስሉ አይደለም። የጎረቤቱን የፈቃድ ቁጥር ከራሳቸው ድረ ገጽ አውጥቼ ከይግባኙ ጋር አያይዣለሁ። እስቲ ለእሱ ያስረዱት።