ዓለምን በሰባት ኪሎ

የተዋረድኩት ቡና ላይ ነው። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፣ እትዬ ዘሐራ ቤት። ከኬንያ በተመለስኩ በሦስተኛው ቀን። አቦሉ ሲቀዳ እንደ ጀግና ነበር የምተርከው፤ ቶናው ላይ ድምፄ ቀነሰ፤ በረካው ሲደርስ ጎረቤቱ ሁሉ ያዝንልኝ ጀመር።

ጥፋቴ ሆስቴል የሚለውን ቃል ማንሳቴ ነው። ናይሮቢ ያረፍኩበት ቤት ክፍል አያከራይም፤ አልጋ ነው የሚያከራየው። ተደራራቢ አልጋ። አንድ ክፍል ውስጥ ስምንት ሰው።

እትዬ ዘሐራ ጀበናውን ማቶቱ ላይ አስቀመጡ።

«ቆይ ቆይ። ከስምንት ሰው ጋር አደርክ?»

«ከእኔ ጋር ስምንት፣ እትዬ።»

«የምታውቃቸው ናቸው?»

«አይደሉም። አንዱ ከብራዚል ነው፣ አንዷ ደግሞ...»

«ሴትም አለችበት!» አለች እናቴ ከጥግ።

«ሌላ አልጋ ላይ ነው እማ፣ ከላይ...»

«ገንዘብስ ከፍለሃል?»

«እሱማ ይከፈላል። ግን ርካሽ ነው።»

እትዬ ዘሐራ ወደ እናቴ ዞሩ። «ወላሂ ልጅሽ ተበልቷል። ከማያውቀው ሰው ጋር ታጭቆ ለመተኛት ኬንያ ድረስ! ባለፈው ረመዳን እዚህች ክፍል ውስጥ አሥራ አንድ ሆነን ነው ያደርነው፤ ያውም እራት አለው፣ ያውም ሱሁር አለው። ቢነግረኝ አሥራ ሁለተኛ አደርገው ነበር።»

ክብሬን ላድን ብዬ ወደ ታሪክ ሸሸሁ። ሆስቴል ዝም ብሎ የመጣ ነገር አይደለም አልኳቸው። የጀመረው ሪቻርድ ሺርማን የሚባል ጀርመናዊ አስተማሪ ነው፤ ተማሪዎቹን ለእግር ጉዞ ይዞ ሲወጣ ማደሪያ እያጣ ሲቸገር፣ በፈረንጆቹ 1912 አልቴና በምትባል ከተማ፣ የድሮ መኳንንት ግንብ ውስጥ አልጋ ደርድሮ ከፈተ።

«ግንብ ውስጥ?» አሉ እትዬ። «አንተም ግንብ ውስጥ ነው ያደርከው?»

«እኔ እንኳ ከጎሚስታ ቤት በላይ ነው።»

«እንግዲያው ምኑን ታወራለህ! እኛ ጋ ንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽን ያሠሩት አልጋ ሊያከራዩበት ነው? ስሙ ራሱ ይነግርሃል እኮ። ሀብታም ድሃ ሳይባል ሁሉም ገብቶ እንዲበላ ነው።»

በሽታው የያዘኝ ዩቲዩብ ላይ ነው። ፂማቸውን ያሳደጉ ልጆች ሰባት ኪሎ ቦርሳ አዝለው ዓለምን ሲዞሩ አያለሁ። ብዙ አየር መንገድ ይዘኸው እንድትገባ የሚፈቅድልህ ሰባት ኪሎ ነው፤ ከዚያ ካለፈ መክፈል አለ። ስለዚህ ብልህ መንገደኛ ሁለት ከናቴራ፣ አንድ ሱሪ፣ አንድ ፎጣ ይይዛል፤ ካልሲውን ሻወር ውስጥ ያጥባል። እኔም ቦርሳ ገዛሁ። ሰፈር ሱቅ ወስጄ አስመዘንኩት። ስድስት ኪሎ ተኩል። በአውቶቡስ እንደምሄድ ትዝ ያለኝ ባለሱቁ «ለየትኛው አውሮፕላን ነው?» ሲለኝ ነው።

እናቴ ቦርሳዬን በሁለት ጣቷ አንስታ አየችውና «ባዶ እጅህን ልትሄድ?» አለችኝ።

«ማንም ጋ አልሄድም እማ። እዚያ የማውቀው ሰው የለም።»

የወሎን እናት እንዲህ አይሏትም። ባንድ ሌሊት ስልክ ናይሮቢ ላይ ሰው አገኘች። የአክስቷ ልጅ ጎረቤት እህት፣ ኢስሊ የምትኖር። ጠዋት ስነሳ ቦርሳዬ አጠገብ አንድ ማዳበሪያ ቆሟል። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ በሶ፣ እና ሁለት ሊትር ሃይላንድ ሙሉ ቅቤ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ እዚህ ብርድ ላይ ቅቤ ድንጋይ ነው። የሐረጎን ጠመዝማዛ ጨርሰን ኮምቦልቻ ስንወርድ ላላ አለ። ከሚሴ ላይ መንቀሳቀስ ጀመረ። ሸዋ ሮቢት ላይ ክዳኑን አገኘው። 400 ኪሎ ሜትር አልቆ አዲስ አበባ ስንገባ ሁለቱም ከናቴራዎቼ ቅቤ ጠጥተው ጠግበዋል፤ ከዚያ በኋላ የትም ስሄድ፣ ሞያሌ ኬላ ላይ ሳይቀር፣ የዶሮ ወጥ ሽታ ቀድሞኝ ይገባ ነበር።

ኬንያን የመረጥኩት ደግሞ ወድጄ አይደለም። የኛን ፓስፖርት ያለ ቪዛ ከሚቀበሉ ጥቂት አገሮች አንዷ ስለሆነች ነው። እነዚያ ፂማም ልጆች የማይነግሩህ ይሄን ነው። አውሮፓን በርካሽ መዞር የፈለገ ሐበሻ መጀመሪያ ሀብታም መሆኑን ማስመስከር አለበት፤ የባንክ ስቴትመንት፣ የሆቴል ቡኪንግ፣ የጉዞ ኢንሹራንስ፣ የሥራ ደብዳቤ። የሸንገን ቪዛ ማመልከቻ አሁን 90 ዩሮ ደርሷል፤ እምቢ ቢሉህም አይመለስልህም። ለዚህ ለዚህ ፍየል መግዛት ይሻላል። ፍየል ቢያንስ እምቢ ብትልም ተጎትታ ትመጣለች።

ሞምባሳ ላይ ግን የርካሽ ጉዞ ሊቅ ሆኜ ነበር። ከናይሮቢ ቻይናዎች በሠሩት ባቡር ወረድኩ፤ በፈረንጆቹ 2017 ሥራ የጀመረው። ሞምባሳ ደሴት ናት፤ ወደ ደቡብ የሚያሻግረው የሊኮኒ ጀልባ ለእግረኛ ነፃ ነው። ነፃ መሆኑን ስሰማ ስድስት ጊዜ ተሻገርኩ። ወዲያ ማዶ ምንም ጉዳይ አልነበረኝም።

ማታ ማታ አሮጌው ከተማ ውስጥ መንገድ ላይ ቡና የሚሸጡ ሰዎች አሉ። ከሰል ላይ የተጣደ የናስ ማንቆርቆሪያ፣ ዝንጅብል የገባበት ጥቁር ቡና፣ እጀታ የሌላት ትንሽ ስኒ። አዛኑም ይሰማል። ደሴ ያለሁ መሰለኝ። ጠጣሁና ስኒዬን ዘርግቼ ቆምኩ። ሰውየው አየኝ። እኔም አየሁት። እኔ ቶናውን ነው የምጠብቀው። እሱ ደግሞ ሂሳቡን።

ይሄንንም ቡናው ላይ ተናገርኩ። እትዬ ዘሐራ «ቶና የላቸውም?» ብለው ጸጥ አሉ። ለኬንያ ሕዝብ ዱዓ ያደረጉ መሰለኝ።

አንድ ወሬ ነበር የቀረኝ፤ ካውችሰርፊንግ። ኬሲ ፌንተን የሚባል አሜሪካዊ ወደ አይስላንድ ርካሽ ትኬት ያገኝና ማደሪያ ይቸግረዋል። ለ1,500 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አሳድሩኝ ብሎ ኢሜይል ይልካል። ና የሚሉት ሞሉ። ነገሩ በፈረንጆቹ 2004 ድረ ገጽ ሆነ፤ በማታውቀው ሰው ቤት፣ ሶፋ ላይ፣ በነፃ ታድራለህ።

«የአላህ እንግዳ ነዋ!» አሉ እትዬ። «የእግዜር እንግዳ ነዋ!» አለች እናቴ። እኩል ነው ያሉት።

«ይሄን ነው አዲስ ነገር ብለህ የምትነግረኝ?» ቀጠሉ እትዬ። «የመሸበት ሰው በር ላይ ቆሞ ‹ቤቶች!› ይላል። በቃ።»

«አሁን ግን፣ ከፈረንጆቹ 2020 ወዲህ፣ በብዙ አገር አባል ለመሆን ይከፈላል።»

«ለአሳዳሪው?»

«አይ፣ ለድረ ገጹ።»

በረካው በዝምታ ተጠጣ።

ሆላንዳዊውን የጠራብኝ ይሄ ወሬ ሳይሆን አይቀርም። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ (መንገዱ ደህና የነበረበትን ጊዜ ነው የማወራው) ከባቲ ሰኞ ገበያ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠ። ሰባት ኪሎዋን ታቅፏታል። ስልኩ ላይ እያንዳንዷን ወጪ የሚመዘግብበት አፕ አለ፤ ለሙዝ አሥር ብር አስበልጠው እንደሸጡለት እስከ ኮምቦልቻ ድረስ አጫወተኝ። ከዚያ ደሴ ላይ ርካሹ አልጋ የት እንደሆነ ጠየቀኝ። አፌ አመለጠኝ። እኛ ቤት ና አልኩት።

አራት ቀን ተቀመጠ። በመጀመሪያው ቀን እናቴ ዶሮ ሠራች። በሁለተኛው እትዬ ዘሐራ ጠሩት፤ ከዚያ ሰፈሩ ተራ ያዘ። ምሳ የክርስቲያን ሥጋ፣ እራት የእስላም ሥጋ፤ እኔ እንኳ በማልገባበት ማዕድ ሁሉ ተሰይሟል። አይጠየፍ ማለት እሱን ነው። ማታ ማታ አፑን ይከፍትና «ዛሬ፦ 0» ብሎ ይመዘግባል። በጣም ደስ ይለዋል። የዶሮዋን፣ የሽንኩርቱን፣ የዘይቱን ሂሳብ እኔ ነኝ የማውቀው፤ በዱቤ ያመጣሁት እኔ ነኛ። ከእሱ ስልክ የጠፋው ቁጥር ሁሉ ባለሱቁ ደብተር ላይ ተጽፎ ነበር።

በመጨረሻው ምሽት ኢንተርኔት ላይ የለጠፈውን አሳየኝና ለእናቴ እንዳነብላት ጠየቀኝ። «ካየኋቸው ቦታዎች ሁሉ ወሎ ርካሽ ነው ይላል» አልኳት።

ሽንኩርት መክተፏን አቆመች። «ማነው ርካሽ?»

«ዋጋውን ነው እማ። እኛን አይደለም።»

«ምን ሸጥኩለትና ነው ዋጋ ያወጣልኝ?»

ምን አለች ብሎ ጠየቀኝ። ምግቡ ተስማማህ ወይ ነው የምትልህ አልኩት። በሁለት እጁ ሆዱን እያሻሸ ሳቀላት። እሷም ጨመረችለት።

ጠዋት ሊሄድ ሲል ከቦርሳው ትንሽ ሚዛን አውጥቶ ቦርሳዋን አንጠለጠላት። ስድስት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ ግራም። ፈገግ አለ። ቀና ሲል እናቴ ማዳበሪያውን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

«አብሽር፣ ለእናትህ ነው በልልኝ» አለችኝ።

ማዳበሪያውን አየ። ሚዛኑን አየ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «እዚህ አገር እንዴት ነው እምቢ የሚባለው?» አለኝ።

እኔ ሠላሳ ዓመት ሞክሬ ያልሆነልኝን ነው የጠየቀኝ። «ከናቴራህን ከሃይላንዱ አርቀው» አልኩት።