ልጁን ሳናየው የምንፈርመው ዕቅድ

ድሬዳዋ ውስጥ ባስተማርኩባቸው ዓመታት መስከረም የሚጀምረው በወረቀት ነበር። ዓመታዊ ዕቅድ ይሞላል። «ከተማሪዎቼ 85 በመቶ የሚሆኑት ከ50 በላይ ያመጣሉ» ብዬ እፈርማለሁ። ቁጥሩን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም፤ ተቆርጦ ነው የመጣልኝ። ተማሪዎቼን ደግሞ ገና አላየኋቸውም።

አንድ ዓመት 4ኛ ክፍል አማርኛ ደረሰኝ። ጥቅምት ላይ አጭር ምንባብ ይዤ ልጆቹን አንድ በአንድ አስነበብኳቸው። ብዙዎቹ ፊደሉን ይለያሉ፤ ቃሉን ግን አይገጣጥሙም። አንዱን ልጅ አልረሳውም። ቤቱ የሚናገረው ሶማልኛ ነው፣ ሰፈር ኦሮምኛ፣ ክፍል ውስጥ አማርኛ። ከትምህርት በኋላ ቀፊራ ገበያ እናቱን ያግዛል፤ መልስ ሲቆጥር ከእኔ ይፈጥናል። ምንባቡ ላይ ግን ሁለተኛው ቃል ላይ ቆመና ዝም አለ። ሰነፍ አልነበረም። ማንም የት እንዳለ አይቶለት አያውቅም።

ሰኔ ላይ ያ ልጅ አለፈ። ከቤት ሥራ፣ ከቡድን ሥራ፣ ከደብተር አያያዝ ነጥብ ተለቃቅሞ ተደመረለት። ሮስተሩ፣ ማለትም የክፍሉ የውጤት መዝገብ ላይ ዕቅዴ ተሳካ። እዚያ ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ እስካሁን ይከነክነኛል።

ነገሩ የአንድ ክፍል ብቻ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም ነበር። ከ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ደግሞ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። በየዓመቱ «ዕቅዱ ተሳክቷል» እየተባለ የመጡ ልጆች ናቸው።

አሜሪካ ውስጥ የዴንቨር ከተማ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች እ.ኤ.አ. በ1999 አንድ ሙከራ ጀምረው ነበር። መምህሩ ለራሱ ተማሪዎች ሁለት ግብ ያወጣል፤ ከርዕሰ መምህሩ ጋር ይስማማበታል። ልጆቹ ዛሬ ምን ያውቃሉ? በዓመቱ መጨረሻ የት ይድረሱ? በምን እንለካቸዋለን? እዚያ ግቡን ያሳካ ተጨማሪ ክፍያ ነበረው። እሱን እኛ ባንወስደው እመርጣለሁ። ግቡ ከደመወዝ ጋር ሲታሰር መምህሩ የሚደረስበትን ትንሽ ግብ መጻፍ ይቀናዋል። እኔም ልጆች ያሉኝ ሰው ነኝና እንዲያ አደርግ ነበር።

የሚያስፈልገን የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። ልጁ ዛሬ የት ነው? ዕቅዳችን ላይ «ተማሪዎች ምንባቡን ይረዳሉ» ብለን እንጽፋለን። መረዳታቸውን በምን እናውቃለን? «አሁን ፊደል እየቆጠሩ የሚያነቡት ልጆች እስከ ሚያዝያ አንድ አንቀጽ ሳይቆሙ አንብበው በራሳቸው አፍ ይተርካሉ» ቢባል ግን ወላጅም ይገባዋል። ሱፐርቫይዘር ሲመጣም ወረቀት ከማገላበጥ ልጁን ጠርቶ ማስነበብ ይችላል።

ክፍሉ 60 ተማሪ ነው፣ ጊዜ የለም የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ይከብዳል። ግን ለአንድ ልጅ ሦስት ደቂቃ ብንሰጥ ለ60ው ሦስት ሰዓት ነው። በየቀኑ ጠዋት ሙቀቱ ሳይበረታ ግማሽ ሰዓት ቢወሰድ ከሳምንት ትንሽ አልፎ ያልቃል። ዕቅድ ለመገልበጥ የምናጠፋው ጊዜ ከዚህ ይበልጣል።

ስለዚህ ትምህርት ቢሮውን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የመጪው መስከረም ዕቅድ በመጀመሪያው ሳምንት አይፈረም። መምህሩ ሁለት ሳምንት ይሰጠው፤ ልጆቹን ያስነብብ፣ ያስቆጥር፣ በየትኛው ቋንቋ እንደሚያስቡ ይስማ። ቁጥሩን ከዚያ በኋላ ራሱ ይጻፍ። 40 በመቶ ብሎ ቢመጣም አይቆጡት፤ የቀሩትን 60 በመቶ ምን ሊያደርግላቸው እንዳሰበ ይጠይቁት።